ትውልዱን ያልቆጠረው ወራሽ

በረዶ ይጥል ነበር ብዬ ጀመርኩና ሰረዝኩት። በዚያ ቀን ይጣል አይጣል አላውቅም። የቆርቆሮው ጣራ ሲንጫጫ፣ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ሲዋጥ፣ እኔም ተርጓሚው እየጮኽኩ ስናገር ይታየኛል፤ ያ ግን ሌላ ቀን፣ ሌላም ፊልም ሊሆን ይችላል። ሞላሌ በምትባል የመንዝ ከተማ ባስተማርኩባቸው ዓመታት በአንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ብዙ ፊልም ተርጉሜያለሁ፤ አንዱ ከሌላው ተደባልቆብኛል። አባቴ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው እንደነበር ግን አልጠራጠርም። የተናገሩትንም ቃል በቃል ባይሆን በመልኩ ይዤዋለሁ። የምጠራጠረው እኔ ራሴ የተናገርኩትን ነው፤ እሱም ደግሞ የማልኩበት ቃል ነው።

ይህን አስቀድሜ መናገሬ ለማፈግፈግ አይደለም። በዚያ ቀን ስለዚያ ፊልም የተሰጠው ፍርድ ትክክል ነበር፤ ያኔም ብያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ፊልም እናውቃለን ከሚሉ ሰዎች ጋር ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ፤ ስለ ካሜራ፣ ስለ ብርሃን፣ ስለ ትወና የተባለውን ሰምቻለሁ። ከልቦለድ ስለተሠራ ፊልም ግን አባቴ ከተናገሩት የነጠረ ሒስ አልሰማሁም። ይህን ስል የሳቁብኝ አሉ። ይሳቁ።

ከመጽሐፉ ልጀምር። በዩኒቨርሲቲ ማደሪያችን አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ ልቦለድ ነበር፤ ባሕር ማዶ አንባቢ የተሻማበት፣ እኛ ዘንድ ግን አንድ ቅጂ ብቻ የደረሰ። ተራ መጠበቁ ስለመረረን ከጀርባው ሰንጥቀን ሦስት ቦታ ከፈልነው፤ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው በመርፌና በክር ሰፋነው። ዕጣ ሲወጣ ለእኔ ሦስተኛው ክፍል ደረሰኝ። ከወር በኋላ አንደኛውን አገኘሁ፤ ሁለተኛው የመጣልኝ ለፈተና ስንዘጋጅ ነው። ስለዚህ የልቦለዱ ጀግና ለእኔ መጀመሪያ ነገሠ፣ ቀጥሎ ተወለደ፣ በመጨረሻ ተሰደደ። ማስታወሴን የምጠረጥርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ጉም የማይለያት የአንዲት አገር ንጉሥ ይሞታል፤ አንዲት ጠንቋይ ዙፋኑን ትይዛለች፤ ሕፃኑ አልጋ ወራሽ በጀልባ ቀዛፊዎች ዘንድ ተደብቆ ያድጋል። ሲጎለምስ ላባ የለበሰና የበሬ ቀንድ ያለው አውሬ ገርቶ፣ በእሱ ላይ ተቀምጦ ይመለሳል። የቤተ መንግሥቱ የድንጋይ በር ከእውነተኛው ወራሽ በቀር ለማንም አይከፈትም። ከልቦለዱ የተሠራው ፊልም የሚያልቀው በዚያ በር ላይ ነው፤ ወጣቱ እጁን ይዘረጋል፣ መዳፉ ላይ የተሰወረ ምልክት እንደ ፋኖስ ይበራል፣ በሩ ይሰነጠቃል፣ ሠራዊቱ ይንበረከካል።

ይህ ፊልም በሁለት ሲዲ ተቀድቶ ሞላሌ ሲደርስ እኔ የትምህርት ቤቱ የሥነ ጽሑፍ ክበብ ተጠሪ ነበርኩ። በዚያው ሰሞን ከዞን አንድ የባህል ባለሙያ ለሥራ ጉብኝት መጥቶ ነበር፤ በዩኒቨርሲቲ ከእኔ አንድ ዓመት የሚቀድም፣ ፊልም የሚወድ፣ ሲናገር የሚደመጥ ሰው። ርዕሰ መምህሩ ዕድሉ እንዳያመልጣቸው ፊልሙ ለተማሪዎችና ለወላጆች እንዲታይ፣ ከዚያም በእንግዳው ሰብሳቢነት እንዲገመገም ወሰኑ። በዚያ ዘመን የማይገመገም ነገር አልነበረም። መምህሩ ይገመገማል፣ የጤና ረዳቱ ይገመገማል፣ የእርከን ሥራው ይገመገማል፤ ላባ የለበሰው አውሬ ብቻውን የሚያመልጥበት ምክንያት አልነበረም። ቃለ ጉባኤ የምትይዝ ተማሪም ተመደበች።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር፤ ወላጅ የሚገኘው ያኔ ነውና። አባቴ የበግ ፀጉር ለመሸጥ መጥተው፣ ሸጠው ሲያበቁ እኔን ፍለጋ ትምህርት ቤት ሄዱ፤ ከዚያም ወደ ቪዲዮ ቤቱ መሯቸው። በርኖሳቸውን እንደለበሱ ገቡና ከኋላ ተቀመጡ። ፊልም ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር ብዬ ለመጻፍ ይቃጣኛል፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ስለ አባቴ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በወጣትነታቸው፣ በንጉሡ ዘመን፣ በእናታቸው በኩል የሚደርሳቸውን ርስት ለማግኘት ዓመታት ሙሉ ተሟግተዋል። መንዝ ውስጥ ያን ጊዜ መሬት የሚጠየቀው በአፍ ነበር፤ ዳኛ ፊት ቆሞ፣ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ተነሥቶ፣ እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌ እገሊትን ወለደች እያሉ እስከ ራስ መቁጠር። አንድ ስም የዘለለ ተረታ። አባቴ ረቱ። ፍርዱን ባገኙ በዓመቱ ገደማ መሬት ላራሹ ታወጀና ያ ሁሉ እውቀት ለምንም የማይሆን ሆነ። እኔ ግን እየሰማሁት አደግሁ፤ በገብስ አጨዳ ላይ፣ በጎች ሲሸለቱ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው ይቆጥሩት ነበር። ማስታወሴን የምጠረጥርበት ሁለተኛው ምክንያት ይኸው ነው።

በኋላም መንግሥት ተለውጦ መሬት እንደገና በገመድ ሲለካና ሲደለደል፣ አባቴ በስብሰባው መካከል ተነሥተው ያንኑ መቁጠር ጀመሩ። ሰብሳቢው ወጣት «ይህ የድሮ ተረት ነው፤ ይቀመጡ» አላቸው። ተቀመጡ። ከዚያ ቀን እስከ ፊልሙ ቀን ድረስ አባቴ በስብሰባ ላይ አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም ነበር።

ፊልሙ አለቀ። የመጀመሪያው ሲዲ መሐል ላይ ቢንተባተብም ሰው ወዶታል። ተማሪዎቹ እየተነሡ ስለ አውሬው በረራ፣ ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ጠንቋይዋ ጥፍር አወደሱ። እንግዳው ስለ ምናብ ኃይል ጥሩ ጥሩ ነገር ተናገረ። ከዚያም ለወጉ ያህል፣ «ከወላጆችስ አስተያየት ያለው?» አለ።

ከኋላ ሳል ተሰማ። አባቴ ተነሡ። በርኖሳቸውን ከአንድ ትከሻቸው አወረዱ፤ ያን አወራረድ አውቀዋለሁ፣ ዳኛ ፊት የሚቆም ሰው አወራረድ ነው።

«መጀመሪያ ልጄን አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «አንተ፣ ዘለልክ እንዴ?»

«ምኑን አባዬ?»

«በሩ ላይ ሲደርስ የተናገረውን።»

«ምንም አልተናገረም። እጁን ብቻ ነው ያሳየው። መዳፉ ላይ ምልክት በራ።»

«እሱንማ አየሁ። እኔ የምጠይቅህ ስለ አፉ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል፤ አለመሳቄን ብመርጥም ስቄያለሁ ብዬ እጽፈዋለሁ። አባቴ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁና ወደ እንግዳው ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ ካልዘለለ፣ ይሄ ልጅ አልወረሰም። ማን ወለደው? እናቱ የማን ልጅ ናት? አንድ አባት አልጠራ፣ አንድ ሽማግሌ አውቀዋለሁ አላለለት። በር የከፈተ ሁሉ ወራሽ ከሆነ ሌባም ወራሽ ነው።»

«ግን አባት፣ ሠራዊቱ ተንበረከከለት እኮ» አለ እንግዳው።

«ተንበረከከ። ያን የሚያህል ባለ ቀንድ አውሬ ከኋላው ቆሞ ማን ቆሞ ይቀራል? እኔም እንበረከካለሁ። ፈርቼ። ስለዚህ ልጁ ነገሠ እንጂ አልወረሰም። እሷስ ጠንቋይዋ ያደረገችው ከዚህ በምን ይለያል?»

በዚህ ጊዜ የሳቀው ግማሹ ብቻ ነበር። እንግዳው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈገግ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ድምፁን አለሳልሶ መለሰ።

«አባቴ፣ ይህ ምናባዊ ፊልም ነው። ተረት ማለት ነው። ተረት ማስረጃ አይጠይቅም።»

ተረት። እንግዳው ያ ቃል አባቴን አንድ ጊዜ እንዳስቀመጣቸው አያውቅም፤ እኔ አውቃለሁ።  አባቴ ያወረዱትን በርኖስ ቀስ ብለው ወደ ትከሻቸው መለሱት። ሊቀመጡ ነው። አንድ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ሲቀመጥ ሦስተኛ እንደማይነሣ በዚያች ቅጽበት ገባኝና ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ብድግ አልኩ።

«አባቴ ልክ ናቸው» አልኩ። «መጽሐፉ ውስጥ አለ።»

«ምኑ?» አለ እንግዳው።

«መቁጠሩ። በመጽሐፉ በሩን የሚከፍተው መዳፉ አይደለም። በሩ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ማን ነህ ይሉታል፤ ሰባት ትውልድ ይቆጥርላቸዋል። አራተኛዋ ሴት ናት፤ መብቱ የመጣው በእሷ ነው። ከዚያ በኋላ ነው የሚከፈትለት። ፊልሙ ቆርጦ ጣለው።»

«እኔም አንብቤዋለሁ» አለ፤ አሁን ፈገግታው ጠፍቷል። «እንዲህ ያለ ነገር አላስታውስም።»

«እኔ አስታውሳለሁ።»

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት፣ ከቆላ ወጥቶ ሞላሌ የከበረ ቀልደኛ ነጋዴ፣ በሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር። «ኧረ መምህር» አለ፣ «ለአባትማ ማን የማይመሰክር አለ!» ቤቱ እንደገና ፈነዳ። ያ ሳቅ ግን ከቀድሞው ይልቅ ሞቅ ያለ ነበር፤ ሰዉ ወደ እኛ ማዘንበሉን አየሁና ያሸነፍኩ መሰለኝ።

አባቴ አልሳቁም።

«ቆይ» አሉኝ። «ጠበቃ ነህ ምስክር?»

«እንዴት አባዬ?»

«ጠበቃ ላቆመው ሰው ይናገራል። ምስክር ያየውን ይናገራል። የትኛው ነህ?»

«ምስክር።»

«ምስክር ከሆንክ ማል።»

እንግዳው ጣልቃ ገባ። «አባት፣ ይሄ ሁሉ ለምን? ፊልም እኮ ነው።»

«የፊልሙንማ ጨርሻለሁ» አሉ አባቴ። «የቀረኝ የልጄ ነው።»

 ተማሪዎቼ ያዩኛል። ልጅ ሳለሁ የሰማኋቸው መሐላዎች ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፉ፤ በመጨረሻ ከአፌ የወጣው ይህ ነው፦ «በመጽሐፉ ያላየሁትን አየሁ ብዬ እንደሆነ ዓይኔን ያጥፋው።» አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁና ተቀመጡ። በዚህኛው መቀመጥና በቀድሞው መካከል ያለውን ልዩነት ያየ ሰው እኔ ብቻ እንዳልነበርኩ አምናለሁ።

ግምገማው ሲዘጋ እንግዳው «ፊልሙ በአጠቃላይ አመርቂ ነው» የሚል ማጠቃለያ ሊያስጽፍ ሲል፣ እኔ ተቃወምኩ። የወላጅ አስተያየት ሙሉ በሙሉ እንዲገባ ጠየቅሁ። «ፊልሙ ወራሹን ያለ ትውልድ ቆጠራና ያለ ምስክር በማንገሡ ጉድለት ታይቶበታል» ተብሎ ተጻፈ። እንግዳው በዚህ ላይ አልፈርምም አለ። ርዕሰ መምህሩ በሁለታችን መካከል ዓይናቸውን አንከራተቱና ሥራ እንዳለባቸው ትዝ አላቸው። ብቻዬን ፈረምኩ። በዚያ ዘመን ከዞን በመጣ ሰው ፊት ብቻን መፈረም የሚያኮራ ብቻ ሳይሆን የሚያስጠረጥርም ነገር ነበር፤ በቀጣዩ የመምህራን ግምገማ «ትምክህተኛ» ተብያለሁ። አልተከራከርኩም። ቃሉን ወደድኩት።

እስኪ ይታሰብ። አባቴ አውሬው ሲበር አንድ ጊዜ እንኳ አልተቃወሙም። ላባውን፣ ቀንዱን፣ ከሰማይ መውረዱን ተቀበሉ፤ በኋላ ስጠይቃቸው «በእነሱ አገር ያለ አውሬ ይሆናል» አሉኝ። ጠንቋይዋ ወደ ጢስ ስትለወጥም አልገረማቸውም። ያልተቀበሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ማንነቱን ሳይናገር መውረሱን። ይህ የምናብ እጥረት ነው የሚል ካለ ምናብ ምን እንደሆነ አልገባውም። የሌለ አገር ሲፈጠር ተራራውም ውሃውም እንደ ልብ ይሁን፤ ፍትሑ ግን ፍትሕ ካልሆነ በዚያ አገር የሚኖር ሰው የለም ማለት ነው። ፊልም ሠሪው ለዓይን የሚሆነውን ወስዶ ለጆሮ የሚሆነውን ትቷል። የሚበራ መዳፍ በሩቅ ይታያል፤ ስም ግን ቀርቦ ማድመጥ ይፈልጋል። እንግዳው ባለሙያ ይህን ሊያይ አልቻለም፤ እኔም ራሴ ፊልሙን ስተረጉም አላየሁትም። ያዩት ትውልድ በመቁጠር ወጣትነታቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው።

አባቴን ወደ መንደራችን የሚወስደው መንገድ እስኪጀምር ሸኘኋቸው።  ልንለያይ ስንል ቆሙ።

«አራተኛዋ ሴት ናት አልክ?»

«አዎ።»

«የእኔም አራተኛዋ ሴት ናት።»

 እውነት ነው። አባቴ የረቱት በአራተኛዋ፣ የአቅኚው የልጅ ልጅ ልጅ በነበረችው ሴት በኩል ነው፤ ልጅ ሆኜ አጨዳ ላይ ስሟ ሲጠራ ድምፃቸው ከፍ ይል ነበር።

«አባዬ፣ እኔ ግን መጽሐፉ ላይ...»

«ምለሃል» አሉኝ። «በቃ።» ሄዱ።

ያን ጊዜ ነው ጥርጣሬው የገባኝ። ሦስት ቦታ የተቀደደ መጽሐፍ፣ ከኋላ ወደ ፊት የተነበበ፣ እንቅልፍ እያዳፋኝ ያገላበጥኩት። በመካከሉም የአባቴ ድምፅ። በሩ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ከመጽሐፉ ናቸው ወይስ አባቴ ፊታቸው ከቆሙባቸው ዳኞች? ሴትዮዋ የማን ናት?

አባቴ ከዚያ ወዲያ ነገሩን አንሥተው አያውቁም። ግን ጥቂት ቆይቶ የመሬት ደብተር ለመስጠት ድንበር ሲለካ፣ ጎረቤታችን የእኛን ወሰን ገፋ አድርጎ ያዘ። አባቴ ምስክር ጠሩ። እኔ በዚያ ማሳ ጠርዝ ላይ አድጌያለሁ፤ የድንበሩን ድንጋይ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። አልጠሩኝም። ስጠይቃቸው፣ «አንተ ሥራ አለብህ» አሉ። ሌላ ሰው ይህን እንደ ርኅራኄ ሊሰማው ይችላል። እኔ የአባቴን ቋንቋ ስለማውቅ ሌላ ነገር ሰማሁ፤ ፍርድ ነበር።

መጽሐፉን መፈለግ ጀመርኩ። ሦስቱን ክፍሎች በመጨረሻ የወሰዱት ሦስት ጓደኞቼ የት እንዳደረሷቸው አያስታውሱም። አንዱ ጭራሽ «እኛ መጽሐፍ ቀድደን እናውቃለን?» አለኝ። በኢንተርኔት ያገኘሁት አጭር መግለጫ ሁሉ ስለ መዳፉ እንጂ ስለ መቁጠሩ አይናገርም፤ ፊልሙ መጽሐፉን ውጦታል። እንዲያም ሆኖ በሄድኩበት ሁሉ ያንኑ ተናገርኩ። ለማስተርስ ስመለስ አንድ የሥነ ጽሑፍ ክፍል ውስጥ የአባቴን ሒስ ባለቤቱን ሳልደብቅ አቀረብኩ፤ አስተማሪው «የዋህ ንባብ» አለው። «የዋሁ የሚበራ መዳፍ ያሳመነው ሰው ነው» አልኩት። ከአቋሜ አልተነቃነቅሁም። ብቻዬን ስሆን ግን አንድ ነገር ያሳድደኝ ነበር፦ ሒሱ ልክ ሆኖ ምስክርነቴ ሐሰት ሊሆን ይችላል። አባቴ ሁለቱን ለይተው ነበር፤ የፊልሙንማ ጨርሻለሁ ብለዋል።

ከብዙ ዓመት በኋላ የማነበው ይደበዝዘኝ ጀመር። የዓይን ሐኪሟ መነጽር ስታዝልኝ፣ ዕድሜ ነው፣ ሁሉም ሰው ላይ የሚደርስ ነው ብላ አጽናናችኝ። እሷ እየተናገረች እኔ የማስበው ሞላሌ ላይ የማልኩትን ነበር። የተማረ ሰው እንዲህ ማሰቡ ያሳፍራል ይባል ይሆናል። አላፈርኩም። መነጽሩን ባደረግሁ በሳምንቱ አዲስ አበባ ያሉትን የአሮጌ መጻሕፍት መደብሮች አንድ በአንድ ዞርኩ፤ በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው፣ ቁጥሩን አልምልበትም፣ ያ መጽሐፍ ሙሉውን፣ ሳይቀደድ፣ ከታች መደርደሪያ ላይ ተገኘ።

ቆሜ ከመጨረሻው ጀመርኩ፤ ከመጀመሪያም የለመድኩት እንዲያ ነው። በሩ አለ። መዳፍም ምልክትም የለም። በር ላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሦስት አይደሉም፣ ሁለት ናቸው። የሚቆጥረው ሰባት ትውልድ አይደለም፣ ዘጠኝ ነው። ስሞቹን በጣቴ እየተከተልኩ ሁለት ጊዜ ቆጠርኳቸው። አራተኛዋ ሴት ናት።